የመምህር አስማረ ክፍል

መጂዳዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? አብርሃ ጅራ ከተማ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል።

እዚህ የጥንቱን ትምህርት ቤት አድሰው የማኅበረሰብ ማዕከል አድርገውታል፤ በአንዱ ክፍል አዋቂዎች ፊደል ይቆጥራሉ። እትዬ ውድነሽ ፊት ወንበር ላይ ናቸው። በዚያው ክፍል ሲያስተምሩ የኖሩት ሟቹ መምህር አስማረ ባለቤታቸው ነበሩ።

«ላስተምርሽ ሲለኝ ‹ሰሊጡ ይታጨድና› እያልሁ ጊዜው አለፈ» አሉኝ።

ከዚያ ጠመኔ አንስተው ሰሌዳው ላይ «ስማረ» ብለው ጻፉ፤ ከፊቱ ሰፋ ያለ ቦታ ትተዋል።

«‹አ› ላይ ገና አልደረስንም» አሉኝ።

የእኛ የጎንደሩ ትምህርት ቤት ግን ተዘግቶ ሣር ውጦታል። አንድ ዴስክ ላይ ስንገፋፋ የምንውለው ትዝ ብሎኝ፣ ምነው አሁን ከጎኔ በሆንሽ አልሁ።

ፖስት ካርዱ ሞላ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። በጣም ናፍቀሽኛል።

ሰርካለም