ወንበር የተሸከመችው ሴት

ጥር 7
መነጽር ቤቱ ጭር ብሎ ዋለ። አንዲት ሴትዮ መደርደሪያ ላይ ያለውን ሁሉ ስትሞክር ቆይታ "ባሌን ላማክር" ብላ ወጣች።
ቤት ስገባ የኔው ቀድሞኛል። ጠረጴዛው ላይ ካርቶን አለ። ፍሪጅ የጠገነላቸው ጡረተኛ መምህርት ቤት ሊቀይሩ ነው፤ "ውሰደው ልጄ" አሉት። የድሮ ፊልሞች በሲዲ። ሁሉም ጥቁርና ነጭ፣ ሁሉም ፓሪስ።
"ምን ልታደርገው ነው?"
"እንጃ። እምቢ ማለት ከበደኝ።"
የዛሬ ወሬያችን ይኸው ነው። ልጃችን ሳታለቅስ ከተወለደች ወዲህ ከዚህ የረዘመ ነገር ተነጋግረን እናውቃለን?

ጥር 11
እናቱ ደወሉ። "አይዞሽ ልጄ፣ ሌላ ይሰጥሻል።" አሜን አልኩ። ሌላ ማን ጠየቀ...

ጥር 16፣ እሑድ
ከሰዓት በኋላ። ሰማዩ ደመና። ሳይናገር ተነስቶ አንዱን ሲዲ ከፈተ። ፈረንሳይኛ ነው፣ ጽሑፍ እንኳ ከሥሩ የለውም። ሁለታችንም ቃል አንሰማም። ግን ማን ይነሳ?
ዝናብ ያጠበው ጎዳና። ገና በማለዳ የዳቦ ቤት መዝጊያ ከፍ ሲል። ጭጋግ የለበሰ ወንዝ፣ ዳሩ ላይ የኮቱን ኮሌታ አቁሞ የሚሄድ ሰው... ከተማው በእንቅልፍ ልብ የታየ ይመስላል። እኔ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ እሱ ወዲያኛው ጫፍ። መሀላችን ትራስ።
ሲያልቅ ደስ አለኝ? አላለኝም። ትንሽ ቀለለኝ።

ጥር 23፣ እሑድ
ሌላ ፊልም። ሴትዮዋ ከገበያ ወንበር ገዝታ ድልድይ ለድልድይ ትሸከመዋለች። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ከኋላዋ ይከተላል፣ የሆነ ነገር ይላታል።
"ምን እያላት ነው?" አልኩ። አምልጦኝ ነው።
ድምፁን አጎርንኖ "'እመቤቴ፣ እኔ ወንበሩን ልያዝ፣ አንቺ እኔን ያዢኝ'" አለ።
ሳቄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ለሴትዮዋ መለስኩላት፦ "'ሂድ ወዲያ። ወንበሩም እኔም ሰው አናምንም።'"
እስኪያልቅ እንደዚያው ሆንን። እሱ ለወንዶቹ፣ እኔ ለሴቶቹ። ለሚያልፈው ውሻ ሳይቀር ተናገረለት። ትራሱ መቼ እንደወደቀ አላየሁም።

ጥር 26
አንድ ሽማግሌ የማንበቢያ መነጽር እየሞከሩ "የኔ ልጅ፣ የት ሄድሽ?" አሉኝ። ለካ ፈዝዣለሁ።
"ፓሪስ" አልኳቸው።
"እንግዲያው ስትመለሺ ይሄንን አጥብቂልኝ።"
ስወጣ መንገዱ ሁሉ ቀለሙን ያጣ መሰለኝ። ደስ በሚል መንገድ። ጃንጥላ የያዘች ልጅ፣ ሱቁን የሚዘጋ ሰው፣ ያለ ወቅቱ በጣለው ዝናብ የረጠበ አስፋልት ብልጭታ... በእግሬ እየሄድኩ ሳይሆን እየተንሳፈፍኩ ቤት ደረስኩ።

ጥር 30፣ እሑድ
ያንኑ ፊልም ይደገም አልኩ።
ሴትዮዋ ይደክማታል። ድልድዩ መሀል ወንበሩን አስቀምጣ ትቀመጥበታለች። ሰው ግራና ቀኝ ያልፋታል። ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ ራቅ ብሎ ቆሟል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቀልዱን ጠበቅኩ።
"'በሩ ጋ ነበርኩ' ይላል።"
"የምን በር?"
"'የማዋለጃው ክፍል። ነርሷ ግባና ልጅህን እያት አለችኝ። እጄ እጀታው ላይ ነበር... አልገባሁም። ብቻሽን ታቀፍሻት።'"
ዓይኑን ከፊልሙ አልነቀለም። እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ሊያያት አልፈለገም ብዬ አስብ ነበር። ስንት ጊዜ በልቤ ሰደብኩት...
"ሴትዮዋስ ምን አለች?" አለኝ።
የሴትዮዋ ከንፈር አልተንቀሳቀሰም። በሷ አፍ መናገርም አስጠላኝ።
"ግንባሯ ያንተ ነበር" አልኩት።
ያኔ ወደ እኔ ዞረ። "ፀጉርስ ነበራት?"
"ነበራት። ብዙ።"
ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጠጋ አልኩ። ፊልሙ ብቻውን አለቀ።

የካቲት 2
ዓይኔ አብጦ ዋለ። አለቃዬ አየኝና ጥቁር መነጽር አቀበለኝ። ምንም አልጠየቀም። ተባረክ።

የካቲት 7፣ እሑድ
ጠዋት "ልብስሽን ልበሺ፣ የምንሄድበት አለ" አለኝ። የት እንደሆነ ገባኝ። ያኔ እኔ ሆስፒታል ተኝቼ የቀበራት እሱ ነው። ጠይቄውም አላውቅ፣ ነግሮኝም አያውቅ።
አውቶቡስ ያዝን፣ ከዚያ በእግር። ከመቃብር ቦታው ግንብ ሥር፣ ጥላ ያለበት ጋ። ትንሽዬ ናት። አረም የሚባል የለባትም፣ ዳር ዳሯን ጠጠር ተደርድሮላታል፣ አፈሩ ትናንት የተነካካ ይመስላል።
"ማን ነው የሚያጸዳት?"
"ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ።"
ቅዳሜ ቅዳሜ ጥገና አለኝ ይለኝ ነበር። ጎን ለጎን ቁጭ አልን። ያወጣንላትን ስም ድምፁን አውጥቶ ጠራው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እኔም ጠራሁት። እዚህ አልጽፈውም።
ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ከመስኮቱ ውጪ ፀሐይ የመታቸው ግድግዳዎች፣ የተሰጣ ልብስ፣ በረንዳ ላይ የቆመ ሰው፣ ሁሉም ቀስ እያለ ያልፋል...
መውረጃችን አለፈ። አልቀሰቀስኩትም።