መጋረጃውን የገለጥኩ ዕለት

ውድ እትዬ አምለሰት፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ተሻለሽ? የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። «ዝጊና ነይ፤ ጤፉን ለማንም ስጪው፣ ነፍስሽን ይዘሽ ነይ» ትያለሽ። በስልክ ያልመለስኩልሽ ድምፄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ድምፄን ከሰማሽ ቃሌን አታምኚም። ብዕር ስይዝ ግን ረጋ እላለሁ፤ የዕለት ውሎዬን መጻፍ ያልተውኩትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ወደ አገር የሚገባ ሰው ስላገኘሁ የሆነውን ሁሉ ልጻፍልሽ፣ ከዚያ ፍረጂኝ።

ፈርቻለሁ። ደፋር ሆኜ እንዳልታይሽ ይህን ቀድሜ ልበል።

እዚህ ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ሱቁን ስንከፍት ያወጣሽው ሕግ አንድ ነበር፦ በበሩ ላይ ስም አይጻፍ፣ ፎቶ አይነሳ፣ ሰው በሰው ይምጣ። ሁለት ክርስቲያን ሴቶች በሰው አገር፣ በሰው ግቢ ጓሮ፣ በአንዲት ጨለማ ክፍል ጤፍና ሽሮ ስንሸጥ ሕጉ ትክክል ነበር። አንቺ ታመሽ ደሴ ከገባሽ በኋላም አልነካሁትም። ዓርብ ዓርብ ሥራ ሲዘጋ የአያሃ ሰፈር የቀን ሠራተኞች፣ የመሐመድ ሞጌ ሰፈር ግንበኞች እርስ በርስ እየተመራሩ ይመጡ ነበር። አንዱ ሌላውን ያመጣል፣ ያም ሌላውን። ከዚያ መምጣታቸው እየሳሳ ሄደ። አንድ ዓርብ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጬ የመጣብኝ ነፋስ ብቻ ነበር።

ዋይስ የሚባል የከተማው ልጅ የኛኑ ዕቃ ከጅግጅጋ እያስመጣ በስልክ መሸጥ እንደጀመረ ሰምቼ ነበር። ንቄው ነበር። ጤፍን በዓይን አይቶ የማይለይ ሰው ምን ያደርገኛል ብዬ። ከዚያ የድሮ ደንበኛችንን፣ ግድግዳ ለሳኙን ታሪኩን መሐመድ ሞጌ መንገድ ላይ አገኘሁት።

«ታሪኩ፣ ጠፋህ እኮ! አሞህ ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ እትዬ ወሰን።» ፌስታሉን ወደ ኋላው አዞረ።

«አትሸሽገው፣ አይቼዋለሁ። የዋይስ በርበሬ ነው? ቀይ አቧራ እኮ ነው የሚያበላህ።»

«አቧራም ቢሆን ቤቴ ድረስ ይመጣል።» ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁን ዋጠው። «አትቀየሚኝ እትዬ። አንቺ ጋ ዓርቤን ሰውቼ በባጃጅ እመጣለሁ፣ ‹ሽሮው ትናንት አለቀ› ብለሽ ትመልሺኛለሽ። እሱ ጋ መኖር አለመኖሩን ከፍራሼ ሳልነሳ አያለሁ። አዲስ የመጡት ልጆችማ አንቺ መኖርሽንም አያውቁም። ማን ይንገራቸው? ማስታወቂያሽ እኔ ነኝ?»

ሽንኩርት የምታዞር ሴት እንኳ ሒሳቧን በስልክ በምትቀበልበት ከተማ እኛም በስልክ ስለተቀበልን ብቻ የዘመንን መስሎን ነበር። ዋይስ በዋጋ አልበለጠንም፤ በጥራትማ ጭራሽ። የበለጠን ሰው ሲርበው እጁ ላይ ያለው ስልኩ ስለሆነ፣ እሱም እዚያ ስላለ ነው። እኔ ደግሞ የለሁም። የሌለ ሱቅ ቆይቶ ይዘጋል፤ የቀረው ቀኑ ነው። ከተዘጋ ደግሞ ያንቺን መድኃኒት ማን ይልካል? ይህን ላሳዝንሽ ብዬ አይደለም የምጽፈው፤ ለምን እንደቸኮልኩ እንድታውቂ ነው።

በበነጋው ጠዋት የከተማው ሰው በሚገበያይበት የፌስቡክ ገጽ ላይ ልለጥፍ ፎቶ አነሳሁ። የጤፉን ጆንያ አፉን ከፍቼ፣ ሽሮውን በላስቲክ፣ በርበሬውን በብርጭቆ ዕቃ አሰልፌ። ክፍሏን ታውቂያታለሽ፣ ቀን እንኳ ጨለማ ናት። በርበሬው ጥቁር ሆኖ ሲታየኝ ብርሃን እንዲገባ መጋረጃውን ገለጥኩ። አነሳሁ፣ ለጠፍኩ፣ ስልክ ቁጥሬንና ቤቱ ያለበትን ቦታ ጨመርኩ፣ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በማግስቱ ታሪኩ ደወለ። «እትዬ፣ ፎቶውን አይተሽዋል?»

«ያነሳሁት እኔ፣ እንዴት አላየውም?»

«በርበሬውን ተይው። ከላይ በኩል እዪ።»

አየሁ። መጋረጃው መስኮቱን ብቻ አልነበረም የሚሸፍነው። ጎኑ ያለው መደርደሪያ ላይ ለሚጠይቁን ወገኖች ብቻ የምናወጣው ጧፍና ማተብ፣ ከበላዩም አንቺ ያቆምሻት የእመቤታችን ሥዕል፣ የጠዋት ፀሐይ አርፎባት፣ ከጤፉም ከሽሮውም በላይ ጎልታ ትታያለች። ከሥሯ ቁጥሬ፣ ከቁጥሬ ሥር ቤቴ።

ወዲያው አጠፋሁት። ግን ሰዎች ወስደው እርስ በርስ ተላልከውት ነበር። ስልኬ በማላውቃቸው ቁጥሮች ይጮህ ጀመር። የመጀመሪያውን አነሳሁ፤ አንድ ወንድ በሶማልኛ በፍጥነት ተናገረ፣ «ቤቱ» የሚለውን ብቻ ለየሁና ዘጋሁት። ስልኩን አጥፍቼ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ። ፓስፖርቴንና የመኖሪያ ወረቀቴን በደረቴ አደረግሁ፤ ሥዕሏን በነጠላ ጠቅልዬ የጤፉ ጆንያ ውስጥ ቀበርኳት። ከዚያ እንደ ነጋዴ ላስብ ሞከርኩ፦ ምን ይዤ እወጣለሁ፣ ምን ትቼ? አእምሮዬ ግን አልሠራ አለኝ። ሜዳ ላይ ልብስ ተገፍፌ የቆምኩ ያህል ነበር የሚሰማኝ። ከውጭ የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር መቀርቀሪያውን ደግሜ አያለሁ። ያን ጊዜ ነው አጭር መልእክት የላክሁልሽ፤ አንቺም «ዝጊና ነይ» ያልሽኝ።

ከአስር ሰዓት ሶላት በኋላ በሩ ተንኳኳ። አልከፈትኩም።

«አቦ ክፈቺ! እኔ ነኝ።» አጎት ለማለት «አዴር» የምንላቸው አከራያችን ዓብዲሰላም ነበሩ። በስደት ዘመናቸው ድሬዳዋ የተማሩት አማርኛ መቼም አይለቃቸው። ከፈትኩ። ስልካቸውን ዘረጉልኝ፤ ፎቶው።

«ይሄን ማን እንደላከልኝ ታውቂያለሽ? ልጄ፣ ከለንደን። ‹አባ፣ ይሄ የኛ ጓሮ አይደል?› ትለኛለች።»

«አዴር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬውኑ እለቃለሁ። በግቢዎ ላይ ነገር አመጣሁ...»

«ዋጋው የታለ?»

«ምን?»

«ዋጋው! ሸቀጥ አሳይተሽ ዋጋ ሳትጽፊ? ሰው ሁሉ እኔን እያስቆመ ‹ጤፉ ስንት ነው› ይለኛል። እኔ ደላላሽ ነኝ?»

አለቀስኩ ይሁን ሳቅሁ አላውቅም። «አዴር፣ እኛ እኮ... ተደብቀን ነበር።»

«ከማን?»

«ከሰው።»

«ወላሂ ከማን?» ተገረሙ። «በርበሬ በወቀጥሽ ቁጥር መስጊድ ድረስ እየመጣ ያስነጥሰናል። ሙአዚኑ አፍንጫውን ይዞ ‹ሐበሻዋ ዛሬም ጀመረች› ይላል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅሻል፣ በዓላችሁንም ያውቃል። ከደንበኛ ብቻ ነው የተደበቅሽው!»

እትዬ፣ ይህን ሲሉኝ ስንት ዓመት እንደ ጋሻ የያዝነው ሕግ ከማን ሲከልለን እንደኖረ ገባኝ። ግን ቆዪ፣ ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይህን ያህል አልጽፍልሽም ነበር።

ስልኬን ክፈቺው አሉኝ። መልእክቱ ተግተልትሎ ገባ። ሶማልኛ መናገር እንጂ ማንበብ ስለማልችል እሳቸው ተቀምጠው ያነቡልኝ ጀመር። «ስንት ነው ይላል። ይሄም ስንት ነው። ይሄ ምግብ ቤት ነው፣ በጆንያ ትሸጣላችሁ ወይ ይላል። ይሄ ደግሞ ታደርሳላችሁ ወይ።» ከዚያ አንዱ ላይ ደረሱ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ እስከ መጨረሻው አነበቡት። ፊታቸው ተለወጠ።

«ምን ይላል አዴር?»

«ይሄ ደንበኛ አይደለም።»

«ምን ብሎ ነው?»

«ደንበኛ አይደለም አልኩሽ።» መልእክቱን ከነቁጥሩ አጠፉትና ስልኩን መለሱልኝ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ። «ሁሉም ሰው እንደኔ ነው አልልሽም። ሥዕሉን ወደ መኝታሽ አስገቢው፤ ቦታው ሱቅ አይደለም። ጤፉን ግን አውጪው።»

በማግስቱ ሙሉ ቀን ተቀምጬ አሰላሁ። ብዘጋ፣ እንዳልሽው ነፍሴን ይዤ እመጣለሁ፤ ሁለታችንም ግን በምን እንደምንኖር አንቺም አልነገርሽኝም። እንደ ድሮው ብደበቅ፣ የሚያውቀኝ ያውቀኛል፣ የሚገዛኝ አያገኘኝም፤ ፍርሃቱም ኪሳራውም የኔ ይሆናል። የቀረኝ አንድ መንገድ ነው፦ ዕቃው ይታይ፣ ቤቱ አይታይ። የዋይስን ብልሃት ያኔ ነው ያየሁት። የሱን ቤት እስከ ዛሬ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም፤ ሽሮው ግን ከተማውን ሁሉ ይዞራል። በጨለማ ክፍል ከመቀመጥ ይልቅ ስልኩ የበለጠ ይሸሽገኛል፣ ካወቅሁበት። ደንበኛ ደጄ መምጣት የለበትም።

ስለዚህ ነጭ ግድግዳ ላይ ሌላ ፎቶ አነሳሁ። ጠርዝ ጠርዙን ጣቴን እያስኬድኩ መረመርኩት። ዋጋ በአማርኛም በሶማልኛም ጻፍኩ፤ ሶማልኛውን አዴር አረሙልኝ። የቤቱን ቦታ አወጣሁና «እናደርሳለን» የሚል አስገባሁ። ባጃጅ ነጂውን ሳሚርን ተስማማሁት። ዛሬ ጠዋት ለጠፍኩት።

ከቀትር በፊት ትዕዛዝ መጣ። ከማላውቀው ቁጥር፣ ሽሮ፣ መሐመድ ሞጌ። ቁጥሩ ከዚያ «ደንበኛ አይደለም» ከተባለው ጋር አንድ ይሁን አይሁን የማውቅበት መንገድ የለኝም፤ አዴር አጥፍተውታል። አድራሻውን ደጋግሜ አየሁት፤ የቤት አድራሻ ነው፣ ሌላ የሚነግረኝ ነገር የለም። ሽሮውን አሽጌ ለሳሚር ሰጠሁት። «የማያምር ነገር ካየህ ዕቃውን ጥለህ ና» አልኩት።

«ሽሮ ነው እኮ» አለኝ እየሳቀ። «ሙሽራ የምትሸኚ ነው የምትመስዪው።»

ሄደ። እሱን ስጠብቅ ነው ይህን ደብዳቤ የጀመርኩልሽ። አሁን ድረስ አልተመለሰም። ብደውልለት አያነሳም፤ እየነዳ ይሆናል። በልጁ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ለናቱ ምን እንደምል እያሰብኩ እጽፋለሁ።

አሁን ስልኬ ጮኸ። ለማንሳት ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያው ቁጥር ነው፤ የሴት ድምፅ፣ ከበስተጀርባ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። ሽሮው ደርሷል፣ ባጃጅ ነጂው ሻይ እየጠጣ ነው፣ በርበሬስ የለሽም ወይ ትለኛለች።

አለ አልኳት።

አልመጣም እትዬ። ሱቁንም አልዘጋም። የሚመጣው መልእክት ሁሉ እንደዚህ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሳላነሳ ቁጥሩን ደጋግሜ አያለሁ፣ ነገም እንዲሁ ይሆናል። አንቺ ግን ተረጋግተሽ ታከሚ፤ መድኃኒትሽ አይቋረጥም። እኔ ሚዛኑ ፊት ቆሜያለሁ፤ እየፈራሁ እመዝናለሁ።

ታናሽሽ ወሰንየለሽ
ሐርጌሳ፣ ኮድቡር