ታይፎይዴ ተነሳብኝ

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ዛሬ ማለዳ ጀውሃ ሄጄ እህቴን ዘሃራን ትኩሳት ጥሏት አገኘኋት። «ምን ሆነሽ ነው?» ብላት፣ «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» አለችኝ፤ ልክ እንደ ቆየ የወገብ ሕመም። ይህች «ተነሳብኝ» የምትባል ቃል ታቃጥለኛለች። አገሩ ሁሉ ታይፎይድን ሆዱ ውስጥ የሚተኛና የሚነቃ የግል ንብረቱ አድርጎታል።

«አልተነሳብሽም፤ ጠጥተሽው ነው» አልኳት። ቧንቧው ከደረቀ ወዲህ የሚቀዱት ከመስኖው ቦይ ነው። የሰፈሩ መጸዳጃ ደግሞ ከቦዩ በላይ ነው። አፍልታችሁ አቀዝቅዙት ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛለሁ!

«ጋሼ፣ በዚህ ሙቀት እሳት አንድደን ውሃ እንቀቅል? ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩህ ቁጣ ብቻ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ሳቁ ሆዷን ሳይወጋት አልቀረም፤ ፊቷ ተጨማደደ።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሙ ሆዷን ሲጫናት ጮኸች። ባለፈው ወር የታዘዘላትን መድኃኒት ሲሻላት አቋርጣዋለች። አንጀቷ እንዳይበሳ ስለሰጋ ወደ ሸዋ ሮቢት ሆስፒታል ላከን፤ እዚህ አስተኟት።

«የተረፈውን ኪኒን የት አደረግሽው?» አልኳት።

«ለሐሊማ ሰጠኋት። እሷም ተነስቶባት ነበር።»

ሐሊማ ልጇ ናት። መንገድ ዳር ካለው ምግብ ቤት ሰላጣ የምትከትፈው እሷ ናት።

«አሁን የት ናት?»

«ሥራ ገብታለች። አልሃምዱሊላህ፣ ትኩሳቱ ትንሽ ለቀቅ አደረጋት።»

ይህን የምጽፈው ዘሃራ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ሐሊማ ስልክ አታነሳም። የደሴ አውቶቡሶች ምግብ ቤቱ ደጃፍ ለምሳ የሚቆሙበት ሰዓት ነው።