ዋሳቢ የሌለበት ሳህን

ወንድሜ ሺገኖቡ፣

የቶያማ ባሕር ያምራል፤ እኔ ግን አንገቴን ደፍቻለሁ። ትናንት የልጄ የሚሳኦ የወደፊት አማት፣ ዓሣ አጥማጁ አቶ ኪታዛዋ፣ ከእሷ ጋር ሱሺ ቤት ጋበዙኝ። ያ አፍንጫ የሚሰነጥቅ አረንጓዴ ቅመም፣ ዋሳቢ፣ እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ። እኛ ሰፈር አንተ ያለ ዋሳቢ ታዝዝልኝና ሳህን እንቀያየራለን፤ እዚህ ማን አለኝ? ተደብቄ ያለ ዋሳቢ አዘዝኩ። ሳህኑ በሚሽከረከረው ቀበቶ ላይ ተንሸራቶ ሲመጣ ዋሳቢ ለማይበሉ ሕፃናት ምልክት የሆነው ትንሽ ባንዲራ ተሰክቶበታል!

"ይሄ ደግሞ የማን ነው? እዚህ ሕፃን የለ!" ብለው ሳቁ አቶ ኪታዛዋ።

"ተሳስተው ይሆናል" አልኩ።

በዚያው የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። አስተናጋጇ ይቅርታ ጠየቀች። ቀጥሎ ሱሺ ሠሪው ሽማግሌ ራሳቸው ወጡና፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ። ባላጠፉት! ሚሳኦ ሁሉን እያወቀች ዓይኗን ከሻይዋ ላይ አላነሳችም።

ምትኩ ዋሳቢው ተለጥፎበት መጣ። ምን ላድርግ፣ ጎረስኩት። እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል አቶ ኪታዛዋ እጄን ያዙኝ።

"አይዞዎት፣ እንደ ልጃችን ነው የምናያት" ብለው አብረውኝ አለቀሱ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ልጅህን ሃናኤን ሳምልኝ። ሰርጉም ላይ ሱሺ ነው አሉ፤ አደራ፣ አጠገቤ ተቀመጥ።

ጠርዙ ላይ ይህችን ልጨምር፦ ዛሬ ጠዋት እውነቱን ልናገር ሱሺ ቤቱ ድረስ ሄጄ ነበር። ሽማግሌው ደጃፉን እየጠረጉ ነው። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ቆባቸውን አወለቁ። ተመለስኩ።

ያንተው ቶኩጂ