ወደ ግድግዳ ስለዞረው ጠረጴዛ

ይድረስ ለሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት የተከበሩ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ፣ ለመነጽርዎና በተራመዱ ቁጥር ሲጢጥ ለሚለው የቀኝ ጫማዎ ሰላምና ደኅንነት እመኛለሁ። የእኔን ጤና ለመጠየቅ ጊዜ ካገኙ ደህና ነኝ። ደህና ስል፣ ሲቀመጡበት ቆይተው እንደደነዘዘ እግር ማለቴ ነው፤ አያምም፣ አይቆረቁርም፣ የራሴም አይመስለኝም።

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ጥፋቴን በሕዝብ ፊት ማመን ግድ ሆኖብኛል። ባለፈው ወር፣ ልጅቷ መስኮት ስታይ ነው የምትውለው ብለው ከመስኮቱ ሥር አስነስተው ከግድግዳው ጋር ያፋጠጡትን ጠረጴዛ፣ እኔ የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ፣ በገዛ እጄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ወደ ቦታው እየመለስኩት ነው። በአዘቦቱ ቀን አንድ ጣት፣ እርስዎ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ ደግሞ አንድ ክንድ። እስከ ቅዳሜ መስኮቱ ጋ ካልደረስኩ የጀመርኩት ታሪክ አያልቅም፤ ታሪኩ ካላለቀ ደግሞ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ከሰዓት በኋላዬን የማሳልፈው በአክስቴ የፀጉር ቤት መጥረጊያ ይዤ ነው። ለዚህ ድፍረት ያበቁኝን ምክንያቶች እንደ ሥርዓቱ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ግድግዳው። በቅድሚያ አመሰግናለሁ፤ ጥሩ ግድግዳ ነው። ቀለሙ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል፣ በግራ በኩል ስንጥቅ አለው፣ መካከሉ ላይ ደግሞ በራስዎ እጅ ጽሑፍ «ሐሳብዎን ይሰብስቡ» የሚል ወረቀት ለጥፈውልኛል። ወረቀቱን ከማንበቤ ብዛት ቃላቱ እንደ ቆየ ማስቲካ ጣዕማቸው ጠፍቷል። ሐሳቤን ግን እንደታዘዝኩት ሰበሰብኩ። ሰብስቤ ሳየው እሱም ግድግዳ ነው።

ከመስኮቱ ማዶ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ወንበር ጠጋኙ ነበር። እርስዎ በየቀኑ በደጁ ስለሚያልፉ አላዩት ይሆናል። ይህ ሰው አንድ ወንበር ጠግኖ ሲጨርስ፣ ለባለቤቱ ከመስጠቱ በፊት ራሱ ይቀመጥበታል። ጥንካሬውን ለመፈተሽ ነው እንዳይባል በጣም ይቆያል፤ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሰው ቤት በእንግድነት እንደሄደ ሁሉ ቁጥብ ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ ይነሳና ወይ ወንበሩን ይሰጣል፣ ወይ አፈራርሶ እንደገና ይጀምረዋል። በምን እንደሚለየው አላውቅም፤ ታሪክ መጻፍ የጀመርኩት ይህን ስላላወቅኩ ነው። በታሪኬ ውስጥ ያለው ጠጋኝ በሕይወቱ ከሠራቸው ሁሉ የሚያምረውን ወንበር ጨርሶ፣ ሊቀመጥበት ጉልበቱን አጠፍ ባደረገባት ቀን ነው እርስዎ ጠረጴዛውን ያዞሩት። ይኸው እስከ ዛሬ ሰውየው አየር ላይ ነው። አልተቀመጠም፣ አልቆመም። ሲቀመጥ ፊቱ ምን እንደሚመስል ካላየሁ ደግሞ በደፈናው ላስቀምጠው አልችልም፤ ሞክሬ ነበር፣ የተቀመጠው ሰው እርስዎን መሰለብኝ።

2ኛ. ስለ ብስኩት ቆርቆሮው። ሐሳባችንን የሚሰርቀው ስልክ ነው ብለው ስልኮቻችንን በሙሉ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እንድናስቀምጥ ማዘዝዎ ከአባት የሚጠበቅ አርቆ አሳቢነት ነው። ድሮ ስልክ ሲንቀጠቀጥ የሚሰማው ባለቤቱ ብቻ ነበር። አሁን ቆርቆሮው በተንቋቋ ቁጥር መላው አዳራሽ በአንድነት ይደነግጣል፣ በአንድነት አንገቱን ያዞራል፣ የማነው እያለ በአንድነት ይጨነቃል። እንዲህ ያለ ኅብረት በሰፈራችን ታይቶ አያውቅም።

3ኛ. ስለ አማካሪዎቼ። ልጅቷ መጻፍ አቃታት የሚለውን ወሬ ለትልልቆቹ አንባቢዎች በማድረስዎ በምክር ተጥለቅልቄያለሁ። ጡረታ የወጡት ጋዜጣ አራሚ በየቀኑ አጠገቤ ወንበር ስበው፣ የፈጠራ ሰው ማልዶ ተነስቶ በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ እንዳለበት፣ እሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን እንዲሁ እንዳደረጉ አጫውተውኛል። ጋሼ ታዲያ ምን ጻፉ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ለመጻፍማ ጊዜ የት ነበር ብለው ተቆጡ። አንድ ቀን ውኃውን ሞከርኩት። ፊቴ ንጹሕ ሆኖ መጥቼ ግድግዳውን አየሁ።

4ኛ. አራተኛው ምን እንደነበር ረስቼዋለሁ። ግድግዳውን ብጠይቀውም አልነገረኝም።

5ኛ. ለእናቴ ስለነገሯት ነገር። ይህን ያደረጉት በቅን ልቦና መሆኑን አልጠራጠርም፤ ቤተ መጻሕፍት ድረስ ምሳዬን ይዛ በመጣችበት ቀን፣ ልጅሽ ቁጭ ብላ ውጭ ውጭውን ታያለች፣ የምትጽፈው ነገር የለም ብለው ነግረዋታል። እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ያን ዕለት ማታ አልጮኸችም፤ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ነበር የተናገረችው።

«መጨረሻ ያለው አንድ ነገር አሳዪኝ። አንድ ብቻ። ከዚያ አልናገርሽም።»

እስከ ቅዳሜ ብላ ቀኑን የቆረጠችው እዚያው የነበረችው አክስቴ ናት። ፀጉር ቤቷ ውስጥ በአንድ ቀን የሚወራው ታሪክ ለዓመት እንደሚበቃኝ፣ እየጠረግኩ ብሰማ እንደሚሻለኝ አስረድታኛለች። ልክ ሳትሆን አትቀርም፤ ችግሩ የፀጉር ማድረቂያው ሁሌም የሚጮኸው ወሬውን የያዘችው ሴት «ከዚያማ» ስትል ነው። ይህን ስሰማ ማልቀስ ወይም መናደድ ነበረብኝ። ምንም አልመጣልኝም። እሺ ብዬ ሳህኖቹን ማድረቅ ጀመርኩ። ያስፈራኝ ይሄ ነው፣ ክቡር ሆይ፤ መጥረጊያው አይደለም። ቀድሞ ቢሆን የእናቴን ጀርባ ብቻ አይቼ ሁለት ገጽ እጽፍ ነበር።

ስለዚህ ጠረጴዛውን በሕጋዊ መንገድ ወደ ቦታው እንዲመልሱልኝ፣ ይህ ካልተቻለ ደግሞ ሻይዎን ትንሽ ረዘም አድርገው እንዲጠጡ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ግድግዳዎን በቃሏ የምታውቅ፣ በቆርቆሮዎ የምትደነግጥ፣ ስለ ጫማዎ ድምፅ እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገረች፣

ቦርሳዬ ከጀርባዬ ስለሚበልጥ ብቻ «ቀንድ አውጣ» ብለው የሰየሙኝ ታዛዥዎ

ከፊርማ በኋላ፦ ይህን ደብዳቤ የምለጥፈው «ጸጥታ ይከበር» ከሚለው ማስታወቂያዎ ሥር ነው። ሊያነቡት ሲመጡ ማስታወቂያውን አክብረው ጫማዎን ቢያወልቁ ደስ ይለናል። በአሁኑ ሰዓት ጠረጴዛው ከምሰሶው ጀርባ ደርሷል፤ ከዚህ ሆኜ የሚታየኝ የጠጋኙ ባርኔጣ ብቻ ነው። ባርኔጣው አሁን ዝቅ ብሎ ቀረ። ተቀምጧል ማለት ነው። ፊቱ አይታየኝም።

እንደገና ከፊርማ በኋላ፦ ላጲሴ ወድቆ ላነሳው ጎንበስ ስል አንድ ነገር አየሁ። በጠረጴዛው እግሮች ዙሪያ በጠመኔ የተሠመረ ምልክት አለ። ከእሱ ኋላ ሌላ አለ፣ ከዚያም ሌላ፣ እስከ ግድግዳው ድረስ። በዚህ ቤት ጠመኔ ኪሱ ውስጥ የሚይዝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። እንግዲህ በየቀኑ አይተዋል፤ አንድም ቀን ግን ወደ ኋላ አልገፉትም። ክስ እያዘጋጁ ከሆነ ማስረጃዎ የተሟላ ስለሆነ እንኳን ደስ ያለዎት። ክስ ካልሆነ ደግሞ ከላይ ያለውን በሙሉ እንደ አዲስ መጻፍ ሊኖርብኝ ነው፤ ወረቀት ስለጨረስኩ ግን ባለበት ይታለፍ።

ሲጢጥታው ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ቀና አላልኩም፤ ሥራ ላይ ያለሁ ለመምሰል ይህንኑ እጽፋለሁ። የእጅ ጽሑፌ እዚህ ላይ የተበላሸው እርስዎ የጠረጴዛውን አንድ ጫፍ ስለያዙት ነው።

«የቀረውን አንስተን እንውሰደው። ወለሉን እኮ ጫጫርሽው፣ ቀንድ አውጣ።»