የአሰልጣኝ ሚሊዮን ግምገማ

ቦንጋ፣ ግንቦት 2003

ምናሴ፣ የኮሌጅ አሰልጣኝነት ደመወዜ አነሰኝ ስትል ኖረሃልና ፖስትካርዱ ላይ ያለውን ጫካ ተወውና ይህን ስማ።

ትናንት እዚህ አንድ የኮሌጅ ቡድን ከዋጫ ከተማ በመጡ ልጆች ተሸነፈ። እኛ ጋ ማርቆስ ቢሆን ተሳድበን ወደየቤታችን እንገባ ነበር። እነዚህ ግን ዝናቡ እየወረደባቸው፣ ጃንጥላ የሌለው የኮባ ቅጠል ራሱ ላይ ደፍቶ፣ እዚያው ሜዳው ዳር ለግምገማ ተቀመጡ። የሚገመገመው አሰልጣኛቸው ሚሊዮን ነው፤ ደመወዙ ከዲኑ ደመወዝ ይበልጣል ይባላል።

የኮሌጁ ወጥ ቤት ኃላፊ እትዬ በላይነሽ እጃቸውን አወጡ። «ኳሱን የሚመቱት ልጆቹ፣ የማበላቸው እኔ። አንተ ምን ሠርተህ ነው ይሄን ሁሉ ደመወዝ የምትወስደው? እስቲ ግለሂስ አድርግ» አሉት።

ሚሊዮን ኮፍያውን አውልቆ ተነሳ።

«ጉድለት አለብኝ» አለ። «ግን ዛሬ ስንሸነፍ የተሰደበው ማነው? እኔ አይደለሁ? እናቴ እንኳ ከስድቡ አልቀረችም። እኔ ባልኖር ይሄ ሁሉ ስድብ በማን ላይ ይወርድ ነበር?»

ከዚያ ሁሉም ቀስ እያለ ወደ ዲኑ፣ ወደ ጋሽ ኃይለመስቀል ዞረ። ጋሽ ኃይለመስቀል ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እንዲያውም አንሶታል፤ ይጨመርለት» አሉ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ካርዱ ሞላብኝ። ለባለቤትህ ለምሥራቅና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ የዚሁ አካባቢ የማንኪራ ማር ይዤላቸዋለሁ። አንተ ጭማሪውን ከአሁኑ ጠይቅ፤ ሰዳቢ ካነሰህ እኔ አለሁልህ።

ሙሉዓለም