አቼቶ የሸተተው ፊልም

ልጄ ሬካ፣ በሄድሽበት ሁሉ ጤናና ሰላም አይለዩሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ብቻ ጉልበቴ ያስቸግረኛል። የቼሪው ዛፍ ዘንድሮ በጣም አፍርቷል፣ የሚለቅመው ግን የለም።

ወንድምሽ ባሊንት ከሞተ ወዲህ፣ ቅዳሜ ከሰዓት መጋረጃውን ዘግቼ የሰበሰባቸውን ፊልሞች ለጎረቤት አሳያለሁ። የፊልም ማሳያ ማሽኑን ለምጄዋለሁ። አንቺም እዚያ አንድ አሮጌ ማሽን ብትገዢ ቤትሽ ሰው ይገባበታል።

ባለፈው ሳምንት ፊልሞቹ ያሉበትን ቁም ሳጥን ስከፍት የአቼቶ ሽታ ወጣና ጎረቤታችን ቴሬዝ፣ «አንቺ፣ ኪያር በአቼቶ የምትዘፈዝፊው እዚህ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ከባሊንት ጋር ፊልም ይለዋወጡ የነበሩት ጋሽ ኤርኖ ግን አልሳቁም።

«ፊልም ሲታመም እንዲህ ነው የሚሸተው። ሌሎቹን ሳያበላሽ ለብቻው አውጪው» አሉኝ።

አንድ በአንድ ሳሸት፣ የታመመው ፊልም አባታችሁ ሁለታችሁን ወንዝ ዳር ስትዋኙ የቀረጸው ሆኖ ተገኘ። እየተኮማተረ ስለሆነ ምናልባት ከእንግዲህ በማሽኑ የሚያልፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብለውኛል ጋሽ ኤርኖ። ከአልጋዬ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።

ለገና መምጣት ከቻልሽ አብረን እንየው። ካልቻልሽም አልቀየምሽም፤ ብቻዬን ግን አላየውም።

እጅሽን ያበርታልኝ፣ መንገድሽን ያቅናልኝ።

እናትሽ ፒሮሽካ